አንድ ጆንያ ስንዴ ከበር እስከ መጋዘን

ደብረ ማርቆስ ሥራ ስጀምር የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ አንድ ጆንያ ስንዴ መከተል ነበር። ሥራ አስኪያጁ በቢሮው መስኮት ግቢውን እያሳየኝ፣ «ከበር ሲገባ ያዢው፣ መጋዘን ሲገባ ልቀቂው። በመሃል ምን እንደሚገጥመው ጽፈሽ አምጪልኝ» አለኝ። ደብተሬንና ስልኬን ይዤ ወረድኩ።

የተማርኩት የኢንዱስትሪ ምህንድስና ነው፤ ያደግኩት ወሎ። የቀጠረኝ ዩኒየን የገበሬ ማኅበራት ተሰባስበው ያቋቋሙት ነው። የዱቄት ፋብሪካ አለው፣ ሦስት መጋዘን አለው። ከሉማሜ፣ ከአማኑኤል፣ ከሮብ ገበያ ያሉ መሠረታዊ ማኅበራት እህላቸውን በአይሱዙ ይልካሉ፤ የቅርቡ ገበሬ በጋሪና በአህያ ያመጣል። የተቀጠርኩበት መደብ «የአሠራር ማሻሻያ ባለሙያ» ይላል። በግቢው ውስጥ ግን ይህን ረጅም ስም የሚጠራ አልነበረም። «ካይዘኗ» ነበር የሚሉኝ። ካይዘን የሚባለውን የጃፓኖች የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ ሁሉም በሥልጠና ሰምቶታል። ለጫኝና አውራጆቹ ትርጉሙ አንድ ነው፤ መጀመሪያ አንድ ሰው ሰዓት ይዞ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሌላ ሰው ከሥራው ይነሳል።

ስለዚህ ስጠጋቸው ዝም ይላሉ። ሲስቁ ከነበረ ሳቁ ይቆማል፤ ጆንያ ተደግፎ ያረፈ ካለ ተነሥቶ ይሸከማል። ገበሬዎቹም ሻሼንና ደብተሬን እያፈራረቁ እያዩ፣ «ይቺ ደግሞ ከየት መሥሪያ ቤት ናት?» ይባባላሉ። ቀኑን ሙሉ ሰው መሃል ቆሜ እውላለሁ፤ ማታ ክፍሌ ስገባ ግን በዚያ ቀን «እንደምን አደራችሁ» ከማለት በስተቀር ምንም እንዳልተናገርኩ ትዝ ይለኛል።

ክፍሌ ከአውቶቡስ መናኸሪያው በስተጀርባ ነበር። አከራዬ ደግ ሴት ናት። ነገር ግን በበዓል ቀን እነሱ ያረዱትን እኔ አልበላም፤ እኔ የገዛሁትንም እነሱ አይቀምሱም። ስለዚህ ጠረጴዛቸው ሲሞላ ለእኔ ሻይና ዳቦ በትሪ አድርገው በር ላይ ያቀብሉኛል። «ብቻሽን አትሁኚ፣ ነይ ከእኛ ጋር ተቀመጪ» ትለኛለች። እሄድና እቀመጣለሁ። ሰው ሁሉ ሲጎራረስ እኔ ዳቦዬን እየቆረስኩ መቀመጥ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ከመሆን የበለጠ ይከብደኝ ስለነበር፣ ቶሎ ብዬ ሥራ አለብኝ እያልኩ እነሣለሁ። በዚያ ሰሞን መንገዱ ዛሬ ተከፈተ፣ ነገ ተዘጋ የሚባልበት ጊዜ ነበር። ኢንተርኔትም የለም። እናቴን በስልክ አገኛታለሁ፤ እሷም «መቼ ትመጫለሽ?» ከማለት ሌላ የምትለው አልነበራትም።

መጀመሪያ ያናገሩኝ የእህል ተቀባዩ ናቸው።

ተቀባዩ ዩኒየኑ ሲቋቋም ጀምሮ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ከሚዛኑ አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ዳስ ሥር ይቆማሉ። ጆንያው ሲፈታ እጃቸውን እስከ ብብታቸው ያስገባሉ፤ ከመሃል አንድ ጭብጥ ያወጣሉ፤ ያሸታሉ፤ ሦስት አራት ፍሬ በጥርሳቸው ይሰብራሉ። የደረቀ ስንዴ ቀጭ ይላል፤ እርጥቡ ድምፅ የለውም። ከዚያ «ይለፍ» ይላሉ፣ ወይም «ይሰጣ» ይላሉ። ይሰጣ የተባለበት ሰው እህሉን ግቢው ውስጥ ሸራ ላይ በትኖ ፀሐይ ያስመታዋል እንጂ አይከራከራቸውም። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ አሉ። ትምህርቱን ባይገፉበትም ከቃል ጋር መጫወቱ አብሯቸው ቀርቷል።

አንድ ቀን ከጠዋት ጀምሬ ስጽፍ ቆይቼ ሳለሁ ዞር አሉና፣

«ልጄ፣ የሰው ሰዓት ስትቆጥሪ የራስሽ ምሳ አለፈ እኮ» አሉኝ።

«አልራበኝም፣ ጋሼ።»

«እሱንም ጽፈሽዋል?»

ሳቅሁ። እዚያ ግቢ ውስጥ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በምሳ ሰዓት ከአንደኛው መጋዘን ጀርባ፣ ጥላው በሚያርፍበት በኩል፣ አብረን እንቀመጥ ጀመር። እሳቸው ከቤት ያመጡትን፣ እኔ መስጊዱ አጠገብ ካለችው ምግብ ቤት የያዝኩትን እየበላን እናወራለን። የእህል እርጥበት እንዴት እንዲህ ሊታወቃቸው እንደቻለ ስጠይቃቸው፣ «እርጥብን የሚያውቅ ደረቅ ነው። ሚስቴን ጠይቂያት፤ እንደኔ ያለ ደረቅ የለም ትልሻለች» ይሉኛል።

ዐቢይ ጾምና ረመዳን ባንድ ሰሞን ገቡ። ሁለታችንም የምንበላው የለንም፤ ቢሆንም በምሳ ሰዓት ያው ቦታችን ሄደን ባዶ እጃችንን እንቀመጣለን። እሳቸው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ያፈጥራሉ፤ እኔ ፀሐይ እስክትጠልቅ እቆያለሁ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ እከዳሻለሁ፣ እንዳትቀየሚኝ» ይሉኛል። አንዳንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት አልፎም ሳይበሉ ሲሠሩ አያለሁ። ስጠይቃቸው «ወረፋው አልለቀቀኝም» ይላሉ። እውነታቸውን ይሁን ለእኔ ብለው አላወቅኩም። ከዚያ በላይ አልጠየቅኋቸውም።

ወረፋው ግን እውነት ነበር። እኔ የምከተለው ጆንያ ከበር እስከ መጋዘን የሚሄደው መንገድ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት የገባው ግን መጋዘን የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሰው ተሸክሞት የሚንቀሳቀስበትን ጊዜ ብቻ ብደምረው የታዘዘ ሻይ እስኪቀርብ እንኳ አይሆንም። የቀረው ሁሉ መጠበቅ ነው። ገበሬው ጋሪው ላይ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ሾፌሩ ይጠብቃል፤ ሚዛኑ ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። የጆንያውን ጉዞ የሚያሳየውን ሥዕል ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ሦስቱንም ጊዜ ወረፋው የሚቋጠረው አንድ ቦታ ላይ ሆነ፤ ሁሉም ጆንያ በአንድ ሰው እጅ ነበር የሚያልፈው።

ለሥራ አስኪያጁ ከማቅረቤ በፊት ለእሳቸው ልንገራቸው ብዬ ወሰንኩ። ጾሙ አልቆ ነበር። ምሳ ላይ፣

«ጋሼ፣ ጥናቱ አለቀ» አልኳቸው።

«እሰይ። ምን አገኘሽ?»

«ወረፋው የሚጠራቀመው የእርጥበት ምርመራው ጋ ነው።»

የቆረሱትን እንጀራ መልሰው አስቀመጡ። «እኔ ጋ ማለትሽ ነው።»

«እርስዎ ጋ አይደለም። እርስዎ ምንም ጥፋት የለብዎትም። ቦታው ነው የጠበበው።»

«ልጄ፣» አሉኝ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «ቦታው እኮ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

በሚቀጥለው ወር የማኅበራቱ ሊቀ መናብርት ተሰበሰቡ። በዚያ ዓመት ልንሠራቸው የምንችላቸውን አምስት ሐሳቦች በትልልቅ ወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፤ ሁለት የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ገዝቶ ሁለተኛ የመቀበያ መስመር መክፈት፣ ግቢው ላይ ጣሪያ መሥራት፣ የዱቄት ማሸጊያውን መቀየር፣ የፋብሪካውን ወንፊት ማደስ፣ ሮብ ገበያ ላይ መጋዘን መገንባት። ሁሉንም ባንዴ መሥራት እንደማይቻል፣ ስለዚህ እየመዘንን ቅደም ተከተል እንደምናወጣላቸው አስረዳሁ። ስንት አባል ይጠቅማል? በስንት ጊዜ ያልቃል? ለመሥራት ምን ያህል ይከብዳል? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ስጡ አልኳቸው። አንዱ በጣቱ፣ አንዱ በእስክሪብቶ፣ ሁሉም ሰጡ። ደመርኩ። መለኪያው አንደኛ ወጣ፤ የሮብ ገበያው መጋዘን አምስተኛ።

የሮብ ገበያው ማኅበር ሊቀ መንበር ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«እሜቴ፣ ሠንጠረዥዎ ጥሩ ነው። ግን ዝናቡ የት ጋ ነው ያለው?»

«ዝናብ?»

«ዝናብ አዎ። እኛ ከጮቄ ሥር ነን፤ ደመናው ወር ጠብቆ አይመጣም። እህላችን የሚያድረው ደጅ ነው። እሱን የሚጠይቅ ጥያቄ አላየሁበትም።»

«ለሚቀጥለው ዓመት እንጨምረዋለን» አልኳቸው። ተቀመጡ። ቁጥሩ ከእኔ ጋር ነበርና ማንም አልደገፋቸውም።

በሪፖርቴ ላይ ተቀባዩ የሁለቱም መስመር ተቆጣጣሪ ይሁኑ ብዬ ጽፌ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አነበበውና፣ «መዋቅሩ ላይ እንዲህ የሚባል መደብ የለም» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እውነትም የለም። አንድ ጊዜ ተከራከርኩት። ሁለተኛ ልከራከረው አስቤ በሩ ድረስ ሄጄ ነበር። ከዚያ አዲስ ሠራተኛ መሆኔ ታሰበኝና ተመለስኩ። ዛሬም ድረስ ስለዚያ በር አስባለሁ።

መለኪያዎቹ መጡ። ከኮሌጅ የተመረቁ ሁለት ባለሙያዎች ተቀጠሩ። ተቀባዩ ጡረታቸው እስኪደርስ ባዶ ጆንያ የሚቀመጥበት ክፍል ተመደቡ፤ ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ። አዲሱ መስመር በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት የገባ ጋሪ ከምሳ በፊት ባዶውን ሲወጣ አየሁ። ገበሬው በሬዎቹን ውኃ የሚያጠጣበት ጊዜ አገኘሁ ብሎ እየመረቀ ነበር የሄደው። ስብሰባ ላይ አጨበጨቡልኝ። ያን ቀን ክፍሌ ገብቼ ለማን እንደምናገር አሰብኩ። እናቴ ጋ ደወልኩ፤ ኔትወርክ አልነበረም። ጫማዬን አወለቅኩና አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ማጨብጨባቸውን ለሰው ሳልነግር ውሎ አደረ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ለመንገር የሚያስቸኩል ነገር አልሆነም።

ተቀባዩ ምሳ መምጣት ተዉ። ክፍላቸው ሩቅ ነው፤ ወደ ቤታቸው በሚያስወጣው በር በኩልም ነው፤ ስለዚህ ቤት ሄደው ይበላሉ። ይህ የሚገባ ምክንያት ነበር። ለጥቂት ቀን ብቻዬን ከመጋዘኑ ጀርባ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ቢሮዬ ውስጥ መብላት ጀመርኩ።

አንድ ጠዋት በር ላይ ተገናኘን።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?» አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን ከፍ አደረጉ። «እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ፣ ደኅና አደሩ?»

መጀመሪያ የሚያላግጡ መሰለኝ። ፊታቸውን አየሁ፤ ማላገጥ አልነበረም። ትሕትና ነበር። እኔ የልጃቸው ልጅ ልሆን የምችለው፣ ትናንት ልጄና አንቺ ስባል የነበርኩት፣ አንቱ ተባልኩ። ቢሰድቡኝ እመልስላቸው ነበር። ለአክብሮት ግን ምን ይመለሳል? «ደኅና ነኝ» ብዬ አለፍኩ።

ከዚያ በኋላ አንቺ አላሉኝም።

በሁለተኛው ዓመት እህሉ ከአውድማ በሚገባበት ሰሞን ያልተጠበቀ ዝናብ ዘነበ። ከሮብ ገበያ አካባቢ ሦስት አይሱዙ ስንዴ ተከታትሎ መጣ። ባለሙያዎቹ ከየጆንያው አፍ ናሙና እየወሰዱ በመሣሪያው ለኩ፤ ቁጥሩ ከሚፈቀደው በታች ነበር፤ አሳለፉት። ሥራቸውን እኔ በጻፍኩላቸው መመሪያ መሠረት ነው የሠሩት። መመሪያው ላይ ናሙና ከጆንያው የትኛው ክፍል እንደሚወሰድ አልጻፍኩም ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሁለተኛው መጋዘን ስገባ አየሩ ሞቀኝ። ውጭ ብርድ ነው፤ ውስጡ ግን የእንስሳት በረት ይመስል ይሞቃል፣ የሻጋታ ሽታም አለው። አንዱን ጆንያ በመዳፌ ነካሁት፤ ለብ ብሏል። ቀጥሎ ያለው ቀዝቃዛ ነው። ክምሩ እስከ ጣሪያው ነው፤ የትኛው የሮብ ገበያ እንደሆነ፣ የትኛው የሌላ እንደሆነ ተደባልቋል። ሥራ አስኪያጁ አዲስ አበባ ነበር። ባለሙያዎቹ መሣሪያውን ይዘው ከላይ ከላይ ይለኩና ደረቅ ነው ይላሉ።

ወደ ባዶ ጆንያው ክፍል ሄድኩ። እየሮጥኩ ነበር የሄድኩት። ተቀባዩ ቁጭ ብለው የተቀደደ ጆንያ በወስፌ ይሰፋሉ።

«ጋሼ፣ እህሉ ሞቀ።»

ወስፌውን አስቀመጡ። «የት?»

«ሁለተኛው መጋዘን። የሮብ ገበያው ይመስለኛል። የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።»

ኮታቸውን አውልቀው ተከተሉኝ። መጋዘኑ በር ላይ ቆመው አሸተቱ። ከዚያ ወደ ክምሩ ገቡና ጆንያ እያስፈቱ እጃቸውን እስከ ብብታቸው ሰደዱ።

«ይሄ ይውጣ። ይሄ ይቆይ። ይሄ ይውጣ። ከታች ነው ውኃ የጠጣው፤ መሬት ላይ አድሯል፤ አፉ ደርቋል፣ ሆዱ ግን እርጥብ ነው። ይሄም ይውጣ።»

ጫኝና አውራጆቹ ጠየቁኝ ወይም ጠበቁኝ ብዬ መዋሸት አልችልም። እሳቸውን ሰምተው ነው የሸሚዛቸውን እጅ የሰበሰቡት። ሸራ ሁሉ ወጣ፤ ግቢው በሙሉ ስንዴ ተሰጣበት። እኔም ሻሼን አጥብቄ አሥሬ በአካፋ በተንኩ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቤ የሚሠራ ሰው ዝም አላለም፤ «ካይዘኗ፣ ቀስ በይ፣ ወገብሽን» አለኝ አንደኛው። ጥቂቱ ጆንያ ለምግብ የማይሆን ሆነ። የሚበዛው ተረፈ።

ሥራችንን ስንጨርስ ተቀባዩ ቧንቧው ጋ ክንዳቸውን እየታጠቡ ነበር። ፎጣ አቀበልኳቸው።

«ጋሼ፣ ወደ ቦታዎ እንዲመለሱ እጽፋለሁ። ዛሬውኑ እጽፋለሁ።»

ክንዳቸውን ቀስ ብለው አደረቁ። «አይጻፉ።»

«ለምን? ዛሬ እርስዎ ባይኖሩ...»

«ነገስ ባልኖር? እኔ ሟች ነኝ፣ ጡረታዬም ደርሷል። ያወጡት መስመር ጥሩ ነው፤ ገበሬው በጊዜ ቤቱ እየገባ ነው። ለእኔ ብለው አያጣምሙት። እነዚያን ሁለቱን ግን ይላኩልኝ። መሣሪያው የሚያውቀውን እነሱ ያውቃሉ፤ እጅ የሚያውቀውን ላሳያቸው።»

«ጋሼ፣» አልኩ፣ «ተቀይመውኛል?»

ፎጣውን አጥፈው መለሱልኝ። «ምን በድለውኝ?» አሉ። መልሱ ይኸው ብቻ ነበር።

ሁለቱ ባለሙያዎች ለሦስት ሳምንት አብረዋቸው ዋሉ። እኔ በሩቅ አያቸው ነበር፤ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ጆንያ ውስጥ ከተው ሲቆሙ፣ እሳቸው ከጎናቸው ሆነው ሲስቁ። መመሪያውን እንደገና ጻፍኩት። ናሙናው እስከ ጆንያው ሆድ በሚዘልቅ፣ ውስጡ ክፍት በሆነ ረጅም ብረት እንዲወሰድ፣ ከአፍ፣ ከመሃልና ከታች፤ መሣሪያውና እጅ ካልተስማሙ ደግሞ እንዲሰጣ። በዚያ ዓመት ስብሰባ ላይ በሠንጠረዡ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፤ «ይህ ባይሠራ ምን ይበላሻል?» የሚል። የሮብ ገበያው መጋዘን አንደኛ ወጣ። ሊቀ መንበሩ ነጥባቸውን ሲሰጡ ወደ እኔ አልተመለከቱም፤ ሲወጡ ግን ጨበጡኝ። ተቀባዩ በዚያው ወር ጡረታ ወጥተው ከአማኑኤል ወጣ ብሎ ወዳለው አገራቸው ገቡ።

መንገዱ ሰላም የሆነበት አንድ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከአማኑኤል በኋላ በእግር ነው፤ ሰው እየጠየቅኩ ደረስኩ። አጥር ሲያጥሩ አገኘኋቸው። ደስ አላቸው፤ ይህን አልጠራጠርም። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ቤት እየጎተቱ አስገቡኝ። ሚስታቸው ከጓዳ ስትወጣ፣

«ያልኩሽ ናቸው፤» አሏት፣ «አለቃዬ የነበሩት።»

አለቃቸው ሆኜ አላውቅም። ላርም አልኩና ተውኩት። ሚስታቸው ግን ጉንጬን ሳመችኝና፣ «ልጄ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ? የሚያበስልልሽ የለም?» አለችኝ። እሳቸው ሥጋ እንዳታቀርብልኝ ቀድመው ነግረዋት ኖሯል። ትኩስ የተቀቀለ ድንች ከአዋዜ ጋር አመጣችልኝ፣ እርጎም ጨመረች። እሳቸው ድንቹን እየላጡ በፊቴ ይደረድሩ ነበር። «ይብሉ እንጂ፤ አልበሉም እኮ» እያሉ። ስለ አዝመራው፣ ስለ ሁለቱ ባለሙያዎች፣ ስለ ሥራ አስኪያጁ ጠየቁኝ። ሁሉንም መለስኩ። ከመጋዘኑ ጀርባ ስላለው ጥላ ላነሣ ሁለት ጊዜ አሰብኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ነገር ተናገርኩ።

ሲሸኙኝ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ አብረውኝ ሄዱ። ሚኒባስ ሲመጣ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙልኝ፣ ረዳቱንም «ደኅና ቦታ ስጥልኝ» አሉት። ከተቀመጥኩ በኋላ በመስኮቱ ተጎንብሰው፣ «በደኅና ይግቡ። ይብሉ፤ ሰውነትዎን ይጠብቁ» አሉኝ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት እሳቸውን እያየች፣

«ዘመድ ጠይቀሽ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እሰይ። በእናትሽ ነው በአባትሽ?»

መኪናው ተነሣ።

«በአባቴ» አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም።